የሁለት የሰረገላ መንገዶች ታሪክ

እኔ በሙያዬ የታሪክ መምህር፣ በእንጀራዬ ደግሞ የታክሲ ሾፌር ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ታቦር ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ወደ ሆላንድ ከመጣሁ በኋላ ጠመኔው በመሪ ተተካና ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዴን ሃኽ፣ በሮተርዳምና በአምስተርዳም መካከል ሰው ሳመላልስ እኖራለሁ። ስለዚህ ስለ መንገድ ብጽፍ የሚገረም ሰው ያለ አይመስለኝም። መንገድ የዕለት እንጀራዬ ነውና።

ይሁን እንጂ ብዕር ያነሣሁት ስለ አውራ ጎዳናዎቹ ልጽፍ አይደለም። የኤ 13ን መጨናነቅ እናንተም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው በዴን ሃኽ ከሰላም ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ተነሥቶ፣ በዛፍ መካከል ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ባሕር ዳር ስላለችው ስለ ስኼቬኒንገን ስለሚያደርስ አንድ አሮጌ መንገድ ነው። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሺህ ጊዜ ነድቼበታለሁ። በበጋ ፀሐይ መሞቅ የሚሹትን፣ በክረምት ደግሞ ሆቴላቸው የጠፋባቸውን እንግዶች አድርሼበታለሁ። ነገር ግን እስካለፈው የበልግ ወራት ድረስ አንድም ቀን በእግሬ ሄጄበት አላውቅም ነበር።

ነገሩን ያመጣችው አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ከሰፈራችሁ ሳትርቁ አንድ አሮጌ ነገር ምረጡ፤ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ታሪኩን ጻፉ የሚል ነው። «አባዬ፣ አንተ የታሪክ አስተማሪ ነበርክ አይደል?» አለችኝ። ነበርክ የምትለዋ ቃል እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባች። እሑድ ጠዋት ታክሲዋን አቁሜ፣ ጃንጥላ ይዘን፣ ሁለታችን በእግራችን መንገዱን ያዝን።

በእግር ሲሄዱበት ሌላ መንገድ ነው። መኪናው በአስፋልቱ፣ ትራሙ በሐዲዱ፣ ብስክሌተኛው በራሱ መስመር፣ እግረኛው በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሁሉም እንደየአቅሙ ጎን ለጎን ይጓዛል። ሽማግሌዎች ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ፤ ወጣቶች ይሮጣሉ፤ እናቶች የልጅ ጋሪ ይገፋሉ። ወደ ዳር ፈንጠር ሲሉ የስኼቬኒንገን ጫካ የሚባለው ደን ውስጥ ይገባሉ። ደኑ ውስጥ ኩሬ አለ፤ በ1988 የተመረቀው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእስያ በጃፓኖች እጅ ላለቁት ወገኖች የቆመ ሐውልት አለ፤ ከጫፉ ደግሞ ልጆቻችን የሚወዱት፣ አገሩን ሁሉ በትንንሹ ሠርተው የሚያሳዩበት ማዱሮዳም አለ። ይህ ሁሉ ሲታይ ጥንትም እንደዚሁ የነበረ ይመስላል። ግን አልነበረም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ይህ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ምን ነበር? አሸዋ ነበር። በዴን ሃኽና በባሕሩ መካከል ያለው ምድር ነፋስ የከመረው የአሸዋ ኮረብታ ነው። ስኼቬኒንገን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ወደብ እንኳ አልነበራትም፤ ወደቡ የተሠራው በ1904 ነው። ከዚያ በፊት አጥማጆቹ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ጀልባቸውን እየጎተቱ አሸዋው ላይ ያወጡት ነበር። ዓሣው ሳይበላሽ ከተማ ገበያ መድረስ አለበት። የሚያደርሱት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ዓሣ የሞላውን ቅርጫት ተሸክመው፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ፣ ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ ሸጠው ይመለሳሉ። ጋሪ ያለውም ቢሆን አልተመቸውም። ጎማው በአሸዋ ተውጦ ፈረሱ ይለግማል።

ይህን ስነግራት ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝ። እኔ ግን በልቤ ያየሁት የእንጦጦን እናቶች ነበር። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን ማለቴ ነው። የሸክሙ ዓይነት ቢለያይ የጀርባው ሕመም አንድ ነው። ታሪክ ስለ መንገድ ሠሪው ይጽፋል እንጂ መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ስለ ተሸከመችው ሴት ብዙ አይጽፍም።

መንገድ ይሠራ ብሎ የተነሣው ኮንስታንታይን ሁይገንስ ነው። በ1596 ተወልዶ በ1687 ያረፈ፣ የኦራንየ መሳፍንት ጸሐፊ የነበረ፣ ገጣሚና የሙዚቃ ሰው ነው። ፊዚክስ የተማራችሁ ስሙን የምታውቁት በልጁ በክርስቲያን ሁይገንስ በኩል ይሆናል። በ1655 የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ ቲታንን ያገኘው፣ በ1656 ባለ ፔንዱለሙን ሰዓት የፈለሰፈው ልጁ ነው። በስሙ የተሰየመች መንኮራኩር በጃንዋሪ 14 ቀን 2005 ቲታን ላይ አርፋለች። እንግዲህ ልጁ ወደ ከዋክብት የሚያደርሰውን መንገድ ሲፈልግ፣ አባትየው ወደ ዓሣ ገበያ የሚያደርሰውን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሾፌር ነኝና ለአባትየው አደላለሁ።

ሁይገንስ ሐሳቡን ያቀረበው በ1653 ነው። ከከተማው ዳር ተነሥቶ የስኼቬኒንገንን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ዓላማ አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በጡብ የተነጠፈ፣ ዛፍ የተተከለበት መንገድ እንዲሠራ ነበር ሐሳቡ። በዚያ ዘመን በከተማ ውስጥ እንጂ ከከተማ ውጭ ድንጋይ ወይም ጡብ የተነጠፈበት መንገድ በሆላንድ አልተለመደም። ሰዎቹም ሰሙት፤ ሐሳቡም መልካም ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ተቀመጠ። አሥር ዓመት ያህል ተኛ። እኛ የቢሮክራሲ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለናል! በመጨረሻ ሥራው ተጀመረ፤ የአሸዋው ኮረብታ ተናደ፤ ጎድጓዳው ተሞላ፤ ጡቡ ተነጠፈ፤ በዲሴምበር 5 ቀን 1665 መንገዱ ተከፈተ። ሁይገንስም ደስ ብሎት ሁለት ዓመት ቆይቶ ስለዚሁ መንገድ ረጅም ግጥም ጻፈ። ዛሬ በመንገዱ ዳር መታሰቢያ ቆሞለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለመንገዱ የወጣው ገንዘብም ሆነ የጥገናው ወጪ ከየት መጣ? ከኬላ ነው። ኬላ የሚለውን ቃል እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በአገራችን ነጋዴ ከጎንደር እስከ ምጽዋ፣ ከጎጃም እስከ ሸዋ ሲጓዝ በየበሩና በየመሻገሪያው ቀረጥ ይከፍል ነበር። እዚህም በመንገዱ ላይ በር ተሠርቶ የሚያልፈው ሁሉ ከፈለ። ክፍያው እስከ 1889 ድረስ ቀጠለ። ከ1665 ጀምሮ ብትቆጥሩት 224 ዓመት ይሆናል። በእኛና በእነሱ ኬላ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። የእኛ ባለ ኬላ ቀረጡን ተቀብሎ ነጋዴውን በዚያው በድንጋዩና በጭቃው ይሸኘዋል። የእነርሱ ኬላ ግን የተበላሸውን ጡብ ይለውጣል፤ ነፋስ ያመጣውን አሸዋ ያስጠርጋል፤ የደረቀውን ዛፍ ያስተክላል።

ዛፉ ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። አሸዋ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነፋስ በተነሣ ቁጥር መንገዱን ሊውጥ ይመጣል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ዛፍ ተተከለ፤ ተከላውም ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ ሄደ። ዛሬ የምንንሸራሸርበት ጫካ መነሻው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ጫካ መንጥሮ መንገድ ያወጣል። እዚህ ግን መንገዱ ጫካውን ወለደው። ልጄ ይህችን በደብተሯ ጻፈቻት።

መንገዱ በየዘመኑ ሌላ ሌላ ሥራ ተሰጠው። መጀመሪያ የዓሣ ጋሪና የባለጸጎች ሠረገላ ሄደበት። በ1864 በዚህ አገር የመጀመሪያው በፈረስ የሚጎተት ትራም በዚሁ መንገድ ላይ ሥራ ጀመረ። ኋላም ብስክሌት መጣ፤ አውቶሞቢል መጣ፤ የኤሌክትሪክ ትራም መጣ። ከዚያ ጦርነት መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከኖርዌይ እስከ ፈረንሳይ ጫፍ በባሕሩ ዳር ምሽግ ሲሠሩ፣ በዴን ሃኽ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀሉ። በጫካው ውስጥ የታንክ መከላከያ ቦይ ቆፈሩ፤ ብዙ ዛፍ ተቆረጠ። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሀብ ክረምት ደግሞ የከተማው ሕዝብ ብርዱ ሲጠናበት ያገኘውን ዛፍ ሁሉ እየቆረጠ አነደደ። ስለዚህ ዛሬ ትልልቅ ሆነው ከምታዩአቸው ዛፎች ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ እንደ ገና የተተከሉ ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቡ ቦዩን ደፈነ፤ ችግኝ ተከለ፤ መንገዱንም ጠገነ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሰላይ የተጠረጠረን ሰው «እስቲ ስኼቬኒንገን በል» ይሉት ነበር ይባላል። ጀርመኑ የመጀመሪያውን ድምፅ አጥርቶ ማውጣት ያቅተዋል። እኛስ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ «ኸ»ን ለብዙ ዘመን ስንለማመድ ኖረናል። እዚህ አገር የቋንቋ ፈተና ስወስድ የተመሰገንኩባት አንዲት ድምፅ እሷ ነበረች።

ይህ መንገድ ለእኛ ለስደተኞች የሚናገረው ሌላም ነገር አለው። የስደትና የመመለስ መንገድ ነው። ገና አሸዋ ሳለ፣ በ1660፣ ለዓመታት በስደት ሲንከራተት የኖረው የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ወደ አገሩ የተመለሰው ከስኼቬኒንገን ባሕር ዳር በመርከብ ተሳፍሮ ነው። በጃንዋሪ 18 ቀን 1795 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ሲቀርብ የዚሁ አገር ገዥ ልዑል ዊለም አምስተኛ ከዚያው ባሕር ዳር በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። በኖቬምበር 30 ቀን 1813፣ ከ18 ዓመት ከ10 ወር በኋላ፣ ልጁ በዚያው አሸዋ ላይ ወርዶ ወደ አገሩ ገባ፤ ቆይቶም ነገሠ። አባትየው ግን አልተመለሰም፤ በስደት እንዳለ በ1806 ሞተ። እንግዲህ አባት የሄደበትን መንገድ ልጅ የሚመለስበት ጊዜ አለ። አባትየውን ስደት የሚያስቀርበትም ጊዜ አለ። ይህን ስጽፍ የማን ፊት እንደሚታያችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ ሌሊት ከጣቢያው አንድ ሽማግሌ አሳፈርኩ። በመስታወት አይተውኝ «ሐበሻ ነህ?» አሉኝ በአማርኛ። «አዎን አባቴ» አልኳቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ኖረዋል። ከሰላም ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት መብራት ያዘን። ይህ በኦገስት 28 ቀን 1913 የተመረቀ ሕንፃ ነው። በ1998 የተነሣው ጦርነት በዲሴምበር 2000 በአልጀርስ ስምምነት ከቆመ በኋላ፣ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን በዚሁ ከተማ በኤፕሪል 13 ቀን 2002 ሰጥቷል። ባድመንም ለኤርትራ ወሰነ። ሽማግሌው ሕንፃውን በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ያንን ሁሉ ልጅ ካስጨረስን በኋላ እዚህ መጥተን በካርታ ተካፈልን» አሉ። የምመልሰው ጠፋኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ በዚያ ቀጥ ባለ መንገድ እስከ ባሕሩ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ሄድን። ሲወርዱ ሒሳባቸውን ከፍለው «መንገዱስ ደግ ነው፤ መድረሻውም ሰላም ይሁን» ብለውኝ ሄዱ።

ኤፕሪል 13 ስል የታሪክ መምህሩ ነቃ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን የቴዎድሮስ ዕለት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የውሳኔው ዕለት ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አጋጣሚው በፈረንጅ ካሌንደር ይገናኛል፤ በእኛ ይለያያል። ከአጋጣሚው ምሥጢር ለማውጣት አልሞክርም። ነገር ግን ወደ ሁለተኛው መንገድ ያሻገረኝ ይህ ነው።

ልጄም በዚያ እሑድ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። «አባዬ፣ ኢትዮጵያ ውስጥስ እንደዚህ ያለ የጋሪ መንገድ ነበር?» አለችኝ። ነበር። እኔም ከዚያው አጠገብ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ።

በአገራችን ጭነት የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነበር። ጎማ ያለው ነገር በደጋና በገደል አገር ብዙ አልተለመደም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ ፈረንጆቹን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ከነሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። ባለሙያዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ከብዙ ሙከራ በኋላ ተሳካላቸው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። ይህን በበቅሎ መጫን አይቻልም። መንኮራኩር ላይ አድርጎ መጎተት ያስፈልጋል፤ መንኮራኩር ደግሞ መንገድ ይፈልጋል።

እንግዲህ በኦክቶበር 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሠራዊቱ ከፊት ከፊት ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየናደ፣ ዛፍ እየቆረጠ መንገድ ያወጣል፤ ከኋላ ሰረገላውና መድፉ በጠፍር እየተጎተተ ይከተላል። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር አብረዋቸው የነበሩ ፈረንጆች ጽፈዋል። ከበጌምድር ተነሥተው በዋድላ አድርገው፣ ቤተ ሖር ደርሰው፣ የዥጣን ሸለቆ ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሸሎን ተሻግረው በማርች 1868 መጨረሻ መቅደላ ገቡ። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። እነዚያን ሸለቆዎች በመኪና የወረደ ሰው እንኳ ጆሮው ይደፈናል። ሰባት ቶን ብረት በሰው ክንድ ወርዶ የወጣበትን መንገድ አስቡት።

ወዲያው ምን ሆነ? በሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ መጣ። ዋድላ ላይ ሲደርስ የተሠራ መንገድ አገኘ። የቴዎድሮስ መንገድ ነው። ሸለቆዎቹን የወረደውም የወጣውም በዚያው ነው። ምሕንድስናውንም አድንቀው ጽፈዋል። ንጉሡ ለራሳቸው መድፍ ያወጡት መንገድ ለጠላት መድፍ መምጫ ሆነ። በኤፕሪል 10 አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። እንግሊዞቹም የዘረፉትን ቅርስ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወጡ። መንገዱ ግን እዚያው ቀረ፤ ዝናቡ ሸረሸረው፤ ገደሉ ተናደበት፤ የሚጠግነውም አላገኘ።

አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼን በእግር ወደ ጋፋት ወስጄአቸው ነበር። መድፉ የት እንደ ተሠራ፣ ንጉሡ በየት በኩል እንደ ሄዱ በእጄ እያሳየሁ ስናገር፣ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ «መምህር፣ መንገዱ አሁን የት አለ?» አለኝ። «መጽሐፍ ውስጥ» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ዋድላ ድረስ ሄደን እንፈልገዋለን ብዬ ቃል ሰጠሁ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «አባዬ፣ የዚህኛውን መንገድ ኬላው ጠገነው። የቴዎድሮስን ማን መጠገን ነበረበት?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ታሪክ ያነበብኩ ሰው እንደዚህ አድርጌ ጠይቄ አላውቅም። ሁልጊዜ የምንጠይቀው ማን ሠራው ብለን ነው። ሠሪውን እናመሰግናለን፤ ስሙን ለልጆቻችን እናወጣለን። ነገር ግን ቴዎድሮስ ከሁይገንስ በጉልበትም በሐሳብም አላነሱም። ገደሉም ከአሸዋው ይከብዳል። የሁይገንስን መንገድ ለ360 ዓመት ያኖረው የሁይገንስ ብልሃት ብቻ አይደለም። በየቀኑ በኬላው ሳንቲም የጣለው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። የቴዎድሮስ መንገድ የአንድ ሰው ፈቃድ ነበረ፤ ሰውየው ሲወድቁ አብሮ ወደቀ። ሕዝቡም የጎተተው ተገድዶ እንጂ የእኔ ነው ብሎ አልነበረም።

በዚህ አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ፌሉወ በሚባለው ደንና ቁጥቋጦ ምድር፣ የሄሰን መንገድ የሚባሉ ሌሎች አሮጌ የጋሪ መንገዶች አሉ። ከጀርመን አገር ከሄሰን የሚመጡ ነጋዴዎች የነበራቸው ሰረገላ በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከአገሬው ጋሪ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የአገሬው ጋሪ በረገጠው ቦይ ውስጥ አልገባ አላቸው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና እነሱ ከመንደሮቹ ርቀው በሜዳው ላይ የራሳቸውን መንገድ አወጡ። የባቡር ሐዲድና የተነጠፈ መንገድ ሲስፋፋ ሰረገላዎቹ ጠፉ፤ ስሙ ግን በየቦታው ቀረ። ዛሬ ሆላንዶች ልጆቻቸውን ይዘው በእግርና በብስክሌት ይንሸራሸሩበታል። የመጤ መንገድ ነው ብለው አላረሱትም። እኛም ጎማችን ከአገሩ ቦይ አልገጥም ያለን መጤዎች ነን። የራሳችንን ፈለግ እያወጣን ነው። ይቀር እንደሆነ የሚታወቀው ግን የሚሄድበት ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች የሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት የክፍሉ ኪራይ ከወርሃዊ መዋጮ እንደሚከፈል ታውቃላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ገንዘብ ያዡ እህታችን ስም ሳይጠሩ ውዝፍ ያለበት ብዙ ነው ብለው ሲናገሩ እኔ መሬት መሬት አየሁ። የዘጠኝ ወር አለብኝ። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም። መሥራቾቹን አመስግኜ፣ በምሥረታው ቀን አጨብጭቤ፣ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነው። ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ ቅዳሜ እተኛለሁ። አስተምር ስባልም «ነበርኩ» እያልኩ አልፌአለሁ። እንግዲህ የመቅደላን መንገድ የሚጠግን ጠፋ ብዬ የማዝን ሰው፣ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ያለውን ኬላ ሳልከፍል አልፌአለሁ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ውዝፌን ከፍያለሁ። ለገንዘብ ያዧም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ሰዓት የታሪክ ትምህርት ለመስጠት ቃል ገብቻለሁ። አስቀድሜ ቃል ሰጥቼ ያልፈጸምኩት አንድ አለብኝና ይህኛውን በጽሑፍ ማኖሬ ለዚህ ነው፤ ብቀር ትመሰክሩብኛላችሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ክፍል ውስጥ አይሆንም። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከሰላም ቤተ መንግሥቱ በር ፊት ለፊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ፈረንጆቹ አሥር ሰዓት የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ባለፈው የተሳሳተ ሰው ስለ ነበረ ነው። በብስክሌት የሚመጣ በብስክሌት፣ በልጅ ጋሪ የሚመጣ በልጅ ጋሪ ይምጣ፤ መንገዱ ለሁሉም ይበቃል። በጫካው ውስጥ አልፈን ባሕሩ ድረስ እንሄዳለን፤ በመንገድም ስለ ሁለቱም መንገዶች እናወራለን። ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ብትመጡ ደስ ይለናል። ያ ሽማግሌ አባት ይህን ካነበቡ እርስዎንም እጠብቃለሁ፤ ያን ሌሊት ያልመለስኩልዎት ነገር አለ።

የልጄን የቤት ሥራ አስተማሪዋ መልሳላታለች። ከታች አንድ ጥያቄ ጽፋበታለች፤ ሁለተኛውን መንገድ መቼ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ? የሚል ነው። ያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ተማሪዬ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የት እንዳለ አላውቅም። ጥያቄው ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሆላንድኛ ተጽፎ ቤቴ ገባ። መልሱን ገና አልጻፍንም። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

እስከዚያው ደኅና ሁኑ፤ መንገዳችሁን ይባርክ።